ፈረስ አጎቴ ነው

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይላል ተረታችን። የምንጠቅሰው የተወለደበትን ደብቆ በዘመዱ ክብር ሊጠለል የሚሞክረውን ሰው ለመሸንቆጥ ነው። ሁላችንም እንስቃለን። ለበቅሎው የሚያዝን ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጠያቂው እኮ አባትየውን ለማወቅ ፈልጎ አይደለም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለ ጠያቂው ምግባር ግን ተረቱ ምንም አይልም።

ይህን ያሰብኩት ከበቅሎ ጋር ውዬ እንዳይመስላችሁ። ከአውራ ጣት ብዙም በማይበልጡ ዓሦች ምክንያት ነው።

የምኖረው ሰበታ ነው። ሳሎኔ ውስጥ በአንደኛው ግድግዳ መጽሐፍ፣ በሌላው ግድግዳ የመስታወት ገንዳ ተደርድሯል። በገንዳዎቹ ውስጥ ያሉት ጋፒ፣ ፕላቲና ሶርድቴል የሚባሉት ዓሦች ናቸው። ስማቸውን እንዳለ ከእንግሊዝኛው ወስደነዋል፤ አገራቸው መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ስለሆነ አያቶቻችን አይተው ስም ሊያወጡላቸው አልታደሉም። እነዚህ ዓሦች እንደ ቆሮሶና እንደ አምባዛ እንቁላል አይጥሉም፤ ይወልዳሉ። ሴቷ አንድ ወር ያህል አርግዛ ጫጩቶቿን ዓይናቸውን እንደገለጡ፣ እየዋኙ ታወጣቸዋለች። ከዚህ ይበልጥ የሚደንቀው፣ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ዘሩን በሆዷ ለወራት አስቀምጣ፣ ወንድ በሌለበት ገንዳ ደጋግማ መውለድ መቻሏ ነው። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛች ዓሣ ስትወልድ አባትየው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጫጩቶቹም ቢጠየቁ በአጎት ለመመለስ እንኳ የሚበቃ መረጃ የላቸውም።

ዓሣ ማርባት ሱስ ነውና ሱሰኛው ቢጤውን ይፈልጋል። እኔም ሁለት ቢጤዎች አገኘሁ። አንደኛው ቡራዩ የሚኖሩ፣ ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለተኛዋ ሱሉልታ የወተት ላሞች የምታረባ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች ሴት ናት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃለው በስም አንድ ሆነዋል። እኔ ግን ዓሣ ይዤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ዛሬም አዲስ አበባን በታክሲ አቋርጬ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ነው። «ፋዘር፣ ዓሣው ይከፍላል?» ያለኝ ወያላ አለ።

ወያላው ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። የሰበታና የቡራዩ ውሃ የሚሄደው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሲቢሉ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ወርዶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ሁለቱ ውሃዎች መሬት ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠርሙስ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ተፈጥሮ የለያየውን ነገር ማገናኘት ዛሬ ይህን ያህል ቀላል ሆኗል፤ የሚጠይቀው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሱሉልታ በመጣ ስልክ ነው።

«ሶርድቴል ከጋሼ፣ ፕላቲ ከአንተ እፈልጋለሁ። አንድ ላይ አድርጌ ላዳቅላቸው ነው» አለችኝ። «ሶርድቴሉ ጎራዴ አለው፤ ያንተ ፕላቲ ቀለም አለው። ሁለቱን የያዘ ቢወለድ ምን ይለዋል?»

ጎራዴ ያለችው የወንዱን ሶርድቴል ጅራት ነው፤ የታችኛው ክንፉ ተመዞ እንደወጣ ሰይፍ ወደ ኋላ ይረዝማል። ፕላቲ አጠር፣ ክብ ያለ፣ ረጋ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ቢሆኑም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በአገራቸው በሜክሲኮና በጓቲማላ ወንዞች እየተያዩ ብዙም አይዳቀሉም፤ ሁሉም የራሱን ቢጤ ይመርጣል። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ምርጫ የለምና ይዳቀላሉ፤ ልጆቻቸውም እንደ በቅሎ መካን ሳይሆኑ ይወልዳሉ። እንዲያውም ከሱቅ የምንገዛው ቀይ ሶርድቴል ቀይነቱን ያገኘው ጥንት ከፕላቲ ጋር ተዳቅሎ ነው። ሴትየዋ የጠየቀችው አዲስ ነገር አልነበረም።

ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት ሳቀች። «ላሞቼ በሙሉ ዲቃላ ናቸው። የሐበሻዋን ላም ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ልጆቼን በምን አስተምር ነበር?» እውነቷን ነው። የአገራችን ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ስትሰጥ፣ ከሆልስቲን ጋር የተዳቀለችው የዚያን ብዙ እጥፍ ትታለባለች። አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የሚጠጣው በዲቃላ ላሞች ወተት ነው።

የሷን ጥያቄ ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። የጋሼ ሶርድቴሎች ቀይ አይደሉም። አረንጓዴ መሰል ሆነው ጎናቸው ላይ አንድ ቀይ መስመር አላቸው፤ የዱሮዎቹን፣ የወንዞቹን መልክ የያዙ ናቸው። ከሌላ ሳይቀላቅሉ ለዓመታት አቆይተዋቸዋል፤ የሚያየው ሁሉ ግን ቀዮቹን እንጂ እነሱን አይጠይቅም። ጥቂት አሰቡና፣ «መስጠቱን እሰጣታለሁ። ግን የምትገባበትን ትወቅ» አሉኝ።

ማስረዳት የጀመሩት በበቆሎ ነበር፤ መምህር ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የወጣው ቢኤች-660 የተባለው ድቅል በቆሎ የብዙ ገበሬ ጎተራ ሞልቷል። ገበሬው ከምርቱ ከፍሎ ለዘር ቢያስቀምጥ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ይዥጎረጎራል፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይገዛል። ዓሣውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ያምራል፤ ወንድማማቾቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። እነሱ እርስ በርስ ሲወልዱ ግን አንዱ ባለ ረጅም ጎራዴ፣ አንዱ ባለ ጉማጅ፣ ሌላው ምንም የሌለው ይሆናል። የመጀመሪያውን አይቶ የገዛ ሰው የሁለተኛውን አያውቅም።

«ስለዚህ ዲቃላዎቹን...» ብዬ ስጀምር ጋሼ እጃቸውን አነሱና ወደ ጓዳው በር አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድቅል በል፤ ልጅቷ ትሰማለች» አሉኝ።

ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ናት። እናትና አባቷ በወግ በማዕረግ የተጋቡ፣ የአንዱ ቤተሰብ ኦሮምኛ፣ የሌላው አማርኛ የሚናገር፣ እሷም በሁለቱም ተኮላትፋ ያደገች ናት። አንድ ቀን አብሯት የሚጫወት የሰፈር ልጅ በዚህ ቃል ጠርቷት እያለቀሰች ገባች። ጋሼ ሊያጽናኗት ፈልገው ቃሉ ነውር እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመሩ፤ በቆሎው ድቅል እንደሆነ፣ የምትጠጣውም ወተት ከዲቃላ ላም እንደሚመጣ ነገሯት። ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ፣ «እኔ ላም ነኝ?» አለቻቸው።

«ከዚያ ወዲህ ምሳሌ ስሰጥ እጠነቀቃለሁ» አሉኝ ጋሼ።

እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቃሉን ሳመላልሰው መጣሁ። ዲቃላ ላም ላይ ሲውል ዋጋዋን ያስወድዳል፤ ሰው ላይ ሲውል ዋጋውን ያረክሳል። ቃሉ መጀመሪያ ከጋብቻ ውጪ ለተወለደ ልጅ የሚነገር ነበር። ኋላ ግን ከሁለት ወገን የተወለደን ሁሉ መስደቢያ አደረግነው። በቆሎው እንዳይሰደብ ድቅል የሚል ጨዋ ቃል ፈለግንለት። ለልጅቷ የፈለገ አልነበረም። ለነገሩ ለልጅቷ የሚያስፈልጋት ሌላ ቃል አይደለም፤ ስም አላት፣ በስሟ መጥራት ይበቃ ነበር።

በሌላ ቀን ጋሼ ሁለተኛውን ትምህርት ሰጡኝ። ይኼኛው ጨለም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ማይረን ጎርደንና ጀርመናዊው ኩርት ኮስቪግ፣ አንዱ ከሌላው ርቀው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለውን ፕላቲ ከሶርድቴል ጋር አዳቀሉ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ነጠብጣባቸው ሰፍቶ ተወለዱ። እነዚህን ልጆች መልሰው ከሶርድቴል ጋር ሲያገናኙ ደግሞ ከሚወለዱት በአማካይ ከአራት አንዱ ጥቁሩ ነጠብጣብ ወደ ካንሰር ተለወጠበት። የጎርደን ዓሦች ዘር ዛሬም በአሜሪካ በቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይረባል፤ የቆዳ ካንሰር የሚያጠኑ ሰዎች ይጠቀሙበታል።

«በሽታው ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከመዳቀሉ ነዋ።»

«እንደሱ የሚለው ብዙ ነው። በሽታው የነበረው ንጹሑ ፕላቲ ውስጥ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ዘረ መል የፕላቲው የራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ተለይቶ ታውቋል። ፕላቲው በሌላ ቦታ ይህን ክፉ የሚጠብቅ ዘበኛ ዘረ መል ስላለው ሳይታመም ይኖራል። ሶርድቴሉ ክፉውም የለው፣ ዘበኛውም የለው። ደጋግሞ ከሶርድቴል ጋር ሲዳቀል፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ክፉውን ወርሰው ዘበኛውን ሳይወርሱ ይቀራሉ። ስለዚህ ንጹሑ ዓሣ ጤነኛ የሆነው ክፉ ነገር ስለሌለበት ሳይሆን ክፉውን አስሮ መኖር ስለቻለ ነው።

ጋሼ ይህን ካሉ በኋላ ስለ ኮስቪግ ጨመሩልኝ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1935 ማን ከማን ጋር መጋባት እንደሚችል በደም የሚወስን ሕግ አወጣች። ከናዚው መንግሥት ጋር ያልተስማማው ኮስቪግ እ.ኤ.አ. በ1937 አገሩን ትቶ ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያም ለብዙ ዓመት አስተማረ። ሲዳቀሉ የሚታመሙ ዓሦችን ከሁሉ አስቀድሞ ካዩት ሰዎች አንዱ፣ ስለ ደም ንጽሕና ከሚሰበክበት አገር ሸሽቶ የወጣ ሰው ነው። ፕላቲና ሶርድቴል ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ሰው አንድ ዝርያ ነው። ኦሮሞና አማራ፣ ጉራጌና ወላይታ ቢጋቡ የተዳቀለ ነገር የለም፤ ሁለት ሰዎች ተጋቡ፣ ወለዱ፤ በቃ። ከዓሣ ገንዳ ወስዶ ጎረቤቱን መስደቢያ የሚያደርግ ሰው ዓሣውንም አላወቀውም።

ታዲያ ሁሉን ከሁሉ እናዳቅል ማለት ነው? አይደለም። ይህን የተማርኩት ከጋፒ ነው። ጋፒን የመሰለ ሌላ ትንሽ ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ኤንድለር የተባለ ባዮሎጂስት ቬኔዝዌላ ውስጥ ኩማና ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ላጉና ዴ ፓቶስ ከተባለች ሐይቅ አገኘው፤ በስሙም ተጠራ። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ ስም የታሰበው ዴንማርካዊው ኦይቪን ቪንጌ ነው፤ እሱም በ1920ዎቹ በጋፒ ላይ ተመራምሮ አንዳንድ ቀለሞች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ እንደሚወርዱ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነበር። የጋፒ ልጅ እንግዲህ ከበቅሎ ይሻላል፤ የአባቱ ምስክር ጎኑ ላይ ተስሏል።

የኤንድለሩ ዓሣ ከጋፒ ጋር ሲገናኝ በቀላሉ ይዳቀላል፤ ልጆቹም ይዋለዳሉ። ከዚህ የተነሳ በዓለም ገበያ በኤንድለር ስም ከሚሸጠው ብዙው ቅልቅል ነው። ሐይቋ ደግሞ ከከተማ ቆሻሻ አጠገብ ያለች፣ ሕልውናዋ የሚያሰጋ ናት። ሐይቋ ብትጠፋና በየቤቱ ያለው ሁሉ ተቀላቅሎ ቢቆይ፣ ማንም ሊቅ መልሶ ሊለየው አይችልም። ማኪያቶ ቀርቦላችሁ ወተቱን ለብቻ መልሱልኝ ብላችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አርቢዎቹ ያገኙት መላ ቀላል ነው፤ ዓሦቹን በሦስት መደብ ከፈሏቸው። አንደኛው የመጣበት ቦታ የሚታወቅ ንጹሕ፣ ሁለተኛው ንጹሕ የሚመስል ግን ማስረጃ የሌለው፣ ሦስተኛው የታወቀ ድቅል ነው። ሦስቱም ይረባሉ፣ ይሸጣሉ። ማንም ድቅሉን አልከለከለም፤ የተከለከለው ሦስተኛውን በአንደኛው ስም መሸጥ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሰበታ የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። አዲስ አበቤ በጾም ማግስትም በጾምም የሚያሳድደው ቆሮሶ በአገራችን ውሃዎች አንድ ዓይነት አይደለም። የጣናው እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በአዋሽ ሸለቆ ፍል ውሃዎች የሚኖረውም ሌላ ንዑስ ዝርያ ነው። በኩሬ ለሚያረቡት ሰዎች ደግሞ ማዳቀል ትልቅ ረዳት ሆኗል፤ ሂክሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ማላካ ላይ ሁለት የቆሮሶ ዘመዶችን አዳቅሎ ልጆቹ ወንድ ብቻ ሆነው ሲወለዱ አየ። ሴት ከሌለ መራባት የለም፤ ኩሬው በቀጫጫ ጫጩት አይጣበብም፤ ያሉት ይሰባሉ። ማለፊያ ነው። ያ ድቅል ጎርፍ ይዞት ጣና ቢገባ ግን በየትም ዓለም የሌለውን የጣናን ቆሮሶ ሊያጠፋው ይችላል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ዓሣ ነው፤ የሚለያቸው የኩሬው አጥር ነው።

ስለዚህ የሰለቻችሁን ዓሣ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ወንዝ አትልቀቁ። ጋምቡዢያ የምትባል ሌላ ወላድ ዓሣ የወባ ትንኝ እጭ ትበላለች ተብላ ከአሜሪካ በየአህጉሩ ተረጨች፤ በብዙ ቦታ ከእጩ ጋር የአገሬውን ዓሣ ጫጩት በላች። የሱሉልታ ብርድ ምናልባት ጋፒን አያኖረው ይሆናል። ሞቅ ያለው የአዋሽ ሸለቆ ግን ከሰበታና ከቡራዩ ቁልቁል ነው።

ወደ ሱሉልታዋ ሴት ልመለስ። ጋሼ ወንድ ሳያዩ ለብቻቸው ያደጉ ሁለት ሴት ሶርድቴሎች ሰጧት። እኔ አንድም ጥቁር ነጠብጣብ የሌለበት ወንድ ፕላቲ መርጬ በጠርሙስ ወሰድኩላት። ገንዳውን ያኖረችው ወተት ከምታሰናዳበት ክፍል ነው። ጫጩቶቹ ተወልደው ሲያድጉ እንዳለችው ሆኑ፤ ወንዶቹ አጠር ያለች ጎራዴና የብርቱካን ቀለም አወጡ። እሷም በፕላስተር ላይ በእስክርቢቶ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፦ «ድቅል። እናት የቡራዩ ሶርድቴል። አባት የሰበታ ፕላቲ። አንደኛ ትውልድ።»

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ሁሉንም ሊወስድ፣ ጥሩ ዋጋም ሊከፍል ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አዲስ ዝርያ ከውጪ ገባ ብሎ ሊሸጣቸው ስለፈለገ ጽሑፉ እንዲቀር። «ደንበኛ ቀለም ነው የሚገዛ፤ የዘር ሐረግ አይደለም» አላት።

ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር፤ መኖ በተወደደበት ሰሞን ነው። «ጊደር ስሸጥ የአባቷን ዘር ተናግሬ ነው፤ ገዢው የሚጨምርልኝም ለሱ ነው። ዓሣ ስሸጥ ምን አስደበቀኝ?» ብላ መለሰችው። ነጋዴው ከነባዶ ባልዲው ሄደ። ኋላ ስትነግረኝ አልተኩራራችም፤ እንዲያውም ስለ መኖው አማርራ አማርራ ነው የጨረሰችው። ከጫጩቶቹ ስድስቱን ለአንድ ጎረቤቷ ስትሰጥ የጽሑፉን ግልባጭ አብራ እንደሰጠች ያወቅሁት ከጎረቤትየው ነው።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ግን ልጅቷን ይዘዋት ሱሉልታ ሄደው እንደነበር ሰማሁ። ልጅቷ ፕላስተሩን ጮክ ብላ አንብባ፣ የትኛው የእናቱን የትኛው የአባቱን እንደወሰደ አንድ በአንድ ስትቆጥር አመሸች አሉኝ። ስለ ላም አላነሳችም።

አሁን የሱሉልታው ገንዳ ክረምት እየጠበቀው ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አይጣል ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ሴትየዋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። ካንዱ ሴት ሆድ በታች ጥቁረት መታየት ጀምሯል፤ ልትወልድ ቀርባለች። ምን እንደሚመጣ፣ ጎራዴው ይርዘም ይጥፋ፣ ገና አልታወቀም። ፕላስተሩ ላይ ግን ከ«አንደኛ ትውልድ» በታች አንድ መስመር ባዶ ትታለች።